መርከቡ ከመምጣቱ በፊት ግምጃ ቤቱ ይዘጋጅ፦ ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና አዛዥ ጽሕፈት ቤት፣
ለመከላከያ ሎጂስቲክስ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ወታደር አይደለሁም። ሥራዬ ትራንዚት ነው። ዕቃ ከጅቡቲ አስነስቼ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ አስፈትሼ ለባለቤቱ አስረክባለሁ። በዚህ ሥራ 14 ዓመት ቆይቻለሁ። አባቴ ግን የባሕር ኃይል ሰው ነበር። መርከብ ላይ ሳይሆን ምጽዋ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ሲቆርጥና ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ማድረጊያ) ሲያስፈርም ወጣትነቱን የጨረሰ ሰው ነው። የድሮ ጓደኞቹ ቡና ላይ ስለ መድፍና ስለ ሚሳይል ሲያወሩ እሱ የሚያነሳው የሞተር መለዋወጫ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮንና ፊልትሮ ነበር። ልጅ ሆኜ ይሰለቸኝ ነበር። ነገሩ የገባኝ ራሴ ዕቃ ማመላለስ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባሕር ኃይል እንደሚያስፈልገን ሲናገሩ አባቴ ቤት ነበርኩ። ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርግልኝ አለኝ። ዜናው ሲያልቅ ዝም አለ፣ ቆየና «የት ሊያቆሙት ነው? ማንስ ነው የሚጠግነው?» ብሎ ጠየቀኝ። በ2011 የመከላከያ አዋጁ ሲሻሻል የባሕር ኃይል ስም እንደገና ገባ፣ በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን አዲስ አበባ መጥተው የትብብር ስምምነት ተፈረመ። ሰዉ ሁሉ ስለ መርከብ ያወራ ነበር። አባቴ እስኪሞት ድረስ የሚደጋግመው ግን ያችኑ ጥያቄ ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አዲሱ ባሕር ኃይል ስንቁን፣ መለዋወጫውን፣ ነዳጁን፣ ጥገናውንና የወደብ ጉዳዩን በአንድ ላይ የሚይዝ ራሱን የቻለ ክፍል ይኑረው። ክፍሉ ከመርከብ ግዢ በፊት ይደራጅ። መርከብ ሲመረጥም የክፍሉ ኃላፊ ስብሰባው ውስጥ ይኑር፣ «ይህን ጠግነን ማቆየት አንችልም» ካለም ይሰማ።

የቀድሞው ባሕር ኃይል እንዴት እንዳለቀ ብዙ ሰው አያውቅም። ሲጠየቅ «ወደብ አጣን፣ በቃ» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። የካቲት 1982 ምጽዋ ስትያዝ ኃይሉ ዋና ሰፈሩን አጣ። ግንቦት 1983 ላይ ደግሞ የተረፉት መርከቦች ወደ የመን፣ ወደ ሳውዲና ወደ ጅቡቲ ሸሹ። እስከዚህ ድረስ ያለው የጦርነት ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ዓመታት ግን የግምጃ ቤት ታሪክ ናቸው፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄ ክፍል ነው። «ኢትዮጵያ» የምትባለው ትልቋ መርከባችን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ኦርካ» ተብላ አሜሪካኖችን ያገለገለች፣ ጥር 1954 ለእኛ የተሰጠች፣ ወደ 95 ሜትር የምትረዝም መርከብ ነበረች። ስንት መኮንን የተማረባት፣ ንጉሡ ምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የሚወጡባት መርከብ የመን ላይ ቆማ ከርማ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። መንቀሳቀስ የቻሉት ወደ ጅቡቲ ተጠጉ። እዚያም የወደብ ክፍያው ተጠራቀመ። መስከረም 1989 ጅቡቲ ለውዝፉ ብላ መርከቦቹን ያዘቻቸውና ሐራጅ አወጣቻቸው። 4ቱን ኤርትራ ገዛች፣ የቀሩት በብረት ዋጋ ሄዱ።

እነዚህን መርከቦች ጥይት አላገኛቸውም። ዘይት የሚቀይርላቸው፣ ቀለም የሚቀባቸው፣ የቆሙበትን ኪራይ የሚከፍልላቸው አጥተው ነው ያለቁት። ቀይ ባሕር ከዓለም ባሕሮች ሁሉ እጅግ ጨዋማና ሞቃት ከሚባሉት አንዱ ነው። እዚያ የቆመ ብረት በየጊዜው ከውኃ ወጥቶ ካልተፋቀና ካልተቀባ፣ ከሆዱ ሥር የሚለጠፈው ዚንክ ካልተቀየረ ይበላል። ዚንኩ ርካሽ ነው፣ ሥራውም ዝገቱን በመርከቡ ፈንታ መሸከም ነው። አባቴ «መርከብ ሠራተኛ ቢያጣ ይታገሣል፣ ዚንክ ካጣ ግን አይታገሥም» ይል ነበር።

ደግሞ ችግሩ ከ1983 በፊት ነው የጀመረው። የነበረንን የመርከብ ዓይነት እዩት። የአሜሪካ ጠባቂ ጀልባ፣ የሆላንድ ፈንጂ ጠራጊ፣ የዩጎዝላቪያ ጠባቂ መርከብ፣ የፈረንሳይ ማረፊያ ጀልባ። 1969 ላይ ከአሜሪካ ጋር ሆድና ጀርባ ስንሆን ሶቪየቶች መጡና የኦሳ ሚሳይል ጀልባ፣ የፔትያ ፍሪጌት፣ የፖልኖክኒ ማረፊያ መርከብ ተጨመረ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያኮራል። አሁን ግምጃ ቤት ጠባቂውን አስቡት። የአሜሪካው ብሎን በኢንች ነው፣ የሶቪየቱ በሚሊ ሜትር። የአንዱ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ፣ የሌላው በሩሲያኛ። አቅራቢው አገር ሲቀየም ደግሞ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ የመጨረሻው ይሆናል፣ ሌላ አይመጣም። ያኔ የሚደረገው የታወቀ ነው። አንዱን ጀልባ ፈትቶ ለሌላው ማልበስ። በመጀመሪያው ዓመት ከአራት ሦስት ይሠራሉ፣ ቆይቶ ሁለት፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ብቻ አራት ይሆናሉ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ሐይቅ ላይ የሚሠራ ጀልባ ነበረው። የነዳጅ ፖምፓው ተበላሸ። መካኒኩ ጎበዝ ልጅ ነው፣ የሞተሩን ሞዴልና ሴሪያል ቁጥር ከነፎቶው አያይዞ ጠየቀ። ጥያቄው ግዢ ክፍል ደረሰ። ግዢ ክፍል ደግሞ የፋብሪካ ስም ጠርቶ ጨረታ ማውጣት ያስጠይቃል ብሎ ሞዴሉንም ሴሪያሉንም አውጥቶ «የናፍጣ ሞተር ነዳጅ ፖምፓ፣ ጥራቱ የተጠበቀ» ብሎ አወጣው። ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ፣ የውጭ ምንዛሪ ተጠበቀ፣ ኤልሲ (የባንክ የክፍያ ዋስትና) ተከፈተ። ዕቃው ለእኔ የደረሰኝ ከሰባት ወር በኋላ ነው። ጉምሩክ ላይ አንድ ወረቀት ጎድሎ የመጋዘን ኪራይ ቆጠረ። በመጨረሻ አስረከብኩ። መካኒኩ ሳጥኑን ከፈተና አየኝ። ፖምፓው አይገጥምም።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም። ግዢ ሠራተኛዋ ሕግ አከበረች፣ መካኒኩ ሥራውን ሠራ፣ ንብረት ክፍሉ የተላከለትን ተረከበ፣ እኔም ዕቃዬን አደረስኩ። ሁሉም የራሱን ወረቀት በትክክል ሞላ፣ ጀልባው ግን ከዓመት በላይ ቆመ። ለምን ቢባል ከመካኒኩ ጥያቄ ጀምሮ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ «ይህ ጀልባ የእኔ ነው» የሚል አንድም ሰው መሀል ላይ አልነበረም። ሐይቅ ላይ ነው፣ ሰው አልሞተም። ባሕር ላይ፣ በዘበኝነት ላይ ያለ መርከብ ቢሆንስ?

ይህ የእኛ አገር በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኮስት ጋርድ የሚባለው የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኃይል ወታደራዊ ነው፣ ገንዘብም መርከብም አላጣም። ግን ለረጅም ዓመታት አትላንቲክ በኩል ያለው አንድ የጥገናና የሎጂስቲክስ ዕዝ፣ ፓሲፊክ በኩል ያለው ሌላ ዕዝ ነበረው። ያው አንድ ዓይነት ጀልባ በሁለቱ ዳርቻ በተለያየ መንገድ ይጠገን ነበር። በአድሚራል ታድ አለን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 እና 2009 አካባቢ ሁለቱን ዕዞች አፈረሱና በዳርቻ መከፋፈሉን ትተው በዕቃው ዓይነት አደራጁት። ለመርከቦችና ለጀልባዎች ባልቲሞር ላይ አንድ የሎጂስቲክስ ማዕከል አቋቋሙ። በውስጡም ለጠባቂ ጀልባዎች አንድ ቡድን፣ ለትናንሽ ጀልባዎች ሌላ ቡድን፣ ለትላልቆቹ መርከቦች ደግሞ የየራሳቸው። ቡድኑ መሐንዲስም፣ ዕቃ ገዢም፣ መዝጋቢም በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። የጀልባው መካኒክ ሲቸግረው የሚደውልለት አንድ ቦታ ነው፣ የሚመልስለት ሰውም ያንኑ ጀልባ ቀንና ሌሊት የሚያውቅ ሰው ነው። ጥገናውንም ሁለት ደረጃ ብቻ አደረጉት። ቀላሉን መርከበኛው ራሱ ይሠራል፣ ከባዱ ወደ ማዕከሉ ይሄዳል። በመካከል ያለው ደረጃ ሁሉ ቀረ።

በጣም የወደድኩት ግን ይህን አሠራር ከየት እንዳመጡት ነው። ከውጭ አማካሪ አላመጡትም። የራሳቸው አውሮፕላን ጠጋኞች ኤልዛቤት ሲቲ በምትባል ከተማ ለዓመታት እንዲህ ሲሠሩ ነበርና መርከበኞቹ ከእነሱ ተማሩ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እኛም እኮ አውሮፕላን ጠጋኝ አለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ1938 ጀምሮ እየበረረ ነው፣ ቦሌ ያለው የጥገና ማዕከሉ የሌላ አገር አውሮፕላን ሳይቀር ይጠግናል። እዚያ አንድ ብሎን እንኳ ያለ ቁጥር አይገባም፣ ያለ ፊርማም አይወጣም። የትኛው ዕቃ የትኛው አውሮፕላን ላይ እንዳለ፣ ስንት ሰዓት እንደበረረ፣ መቼ መቀየር እንዳለበት ይታወቃል። ይህን የሚሠሩት የእኛው ልጆች ናቸው፣ በአማርኛ የሚቀልዱ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሽሮ የሚበሉ። እባካችሁ ወጣት የግምጃ ቤትና የጥገና መኮንኖቻችሁን ፈረንሳይም ሩሲያም ከመላካችሁ በፊት ለስድስት ወር ቦሌ ላኳቸው። ወጪው የአውቶቡስ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የአየር ኃይል ጥገናም አለ፣ እሱም ትምህርት ቤት ይሆናል።

ባሕር ኃይሉ በምድር ጦር የስንቅና ትጥቅ መሥመር ብቻ ይገልገል የሚል ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ቁጠባ ይመስላል። ስንዴውን፣ የደንብ ልብሱን፣ ጥይቱን፣ መኪናውን አዎ፣ በጋራ ይሁን፣ ሁለት ዳቦ ቤት አያስፈልገንም። መርከብ ግን መኪና አይደለም። መኪና ቢበላሽ ተጎትቶ ይመጣል፣ ተራውን ይጠብቃል። መርከብ ከውኃ የሚወጣበት ቀን ከወራት በፊት ተይዞ፣ ቦታው ተከራይቶ፣ ዕቃው ቀድሞ ደርሶ መገኘት አለበት፤ ያ ቀን ካመለጠ ሌላ ተራ እስኪገኝ ይቆማል፣ የቆመበትም ይቆጥራል። በመኪና ልማድ መርከብ ላስተዳድር የሚል ሰው ተንኮል ኖሮት አይደለም፣ ግን መርከቡን ይገድለዋል።

ጅቡቲን በተመለከተ የማውቀውን ልናገር። የአገራችን የገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በእሷ ነው። እዚያች ትንሽ አገር ፈረንሳይ፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና ሰፈር አላቸው። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2017 የከፈተችውን፣ ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያዋ የሆነውን ሰፈር በይፋ የምትጠራው «የሎጂስቲክስ ድጋፍ ሰፈር» ብላ ነው። ሌላው ቢቀር ስሙን ልብ በሉት። ያን ሁሉ መርከብ ያላት አገር ከቤቷ ስትርቅ መጀመሪያ ያሰበችው ማከማቻና ማደሻ ነው።

ይህ ደብዳቤ የወደብ ክርክር አይደለም። ያ በሌላ ቦታ ይነገራል። ነገ የትም ወደብ ላይ ብንስማማ ግን፣ ስምምነቱን የሚጽፉት ዲፕሎማቶች ብቻ እንዳይሆኑ እለምናለሁ። የግምጃ ቤት ሰው አብሮ ይሂድ። እሱ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ኪራዩ በዓመት ነው ወይስ በቀን? በየትኛው ገንዘብ? ብናዘገይ ስንት ቀን ይታገሡናል? መለዋወጫ ስናስገባ የእነሱ ጉምሩክ ይፈትሻል? ነዳጅ ከማን እንገዛለን? የመጠጥ ውኃና መብራትስ? ዶክ፣ መርከብ ከውኃ ወጥቶ የሚጠገንበት ቦታ፣ የማን ነው፣ ተራው በማን እጅ ነው? 1989 ላይ መርከቦቻችንን ሐራጅ ያወጣው የዚህ ዓይነት ጥያቄ መልስ ማጣት ነው። የወደብ ክፍያ የሚባል በጀት ለብቻው ይያዝ፣ ቢያንስ የአንድ ዓመት ቀድሞ ይቀመጥ፣ ማንም ለሌላ ሥራ እንዳያዛውረው ይዘጋ።

ሥልጠናው ጣናም ይሁን ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ቢጀመር ቅር አይለኝም፣ ዋና ለመማር ውኃ ውኃ ነው። ለጥገና ግን አንድ አይደለም። እነዚህ ሐይቆች ጨው የሌላቸው፣ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ናቸው። ሞተሩ እዚያ አየር ያንሰዋል፣ ዝገት ግን ያን ያህል አያስቸግረውም። ባሕር ላይ ተቃራኒው ነው። በሐይቅ ልምድ የተሠራ የመለዋወጫ ዝርዝር ቀይ ባሕር ላይ አንድ ክረምት አይዘልቅም፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ከአሁኑ ለጨው ውኃ ይዘጋጅ።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፣ ሳልናገረው አላልፍም። ሁሉን በአንድ እጅ አድርጉ ስል ያ እጅ ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል። አንድ ፊርማ የሚጠብቅ መቶ ጥያቄ እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ክፍል ይሁን እንጂ መዝገቡ የተደበቀ አይሁን። ካርዴክሱ፣ የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርዱ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ፣ የመርከቡ መካኒክም አዛዡም ከያሉበት ይዩት፣ ስንት ፖምፓ እንዳለ፣ ስንቱ እንደታዘዘ፣ የታዘዘው የት ላይ እንደቆመ። የተወሰነ ገንዘብ ደግሞ በመርከቡ አዛዥ እጅ ይቀመጥ፣ ጎማና ፊልትሮ ለመግዛት አዲስ አበባ መጻፍ አይኑርበት። ከፋብሪካ ውጭ የማይገኝ ዕቃ ከሆነም ቁጥሩና ስሙ ተጠቅሶ በቀጥታ የሚገዛበት መንገድ በመመሪያ ይፈቀድ፣ ያ ጎበዝ መካኒክ የጻፈው ሴሪያል ቁጥር መንገድ ላይ እንዳይጠፋ።

ግምጃ ቤት ጠባቂነት ደግሞ የቅጣት ቦታ መሆኑ ይቅር። ያመመው፣ ያረጀው፣ ከአለቃ ጋር የተጣላው ሁሉ ንብረት ክፍል የሚመደብበት ልማድ አለን፣ በሲቪሉም በወታደሩም። አባቴ እዚያ 20 ዓመት ሲቀመጥ ጓደኞቹ «ጨው ሳይነካህ ባሕረኛ ሆንክ» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱ ግን በጨለማ ገብቶ የጠየቃችሁትን ጓርኒሲዮን ይዞላችሁ ይወጣ ነበር። ማዕረግ፣ እድገትና ትምህርት ያለው ሙያ አድርጉት።

አባቴ ከምጽዋ ሲወጣ ምንም አልያዘም፣ አንድ ሰማያዊ ደብተር ብቻ በሸሚዙ ሥር ደብቆ መጣ። ውስጡ የተጠየቁና ያልመጡ ዕቃዎች ዝርዝር ነው። ቀን፣ የጀልባው ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ ብዛት። ከጎኑ «መጣ» የሚል ዓምድ አለ። የመጨረሻዎቹ 11 ገጾች ላይ ያ ዓምድ ባዶ ነው።

ደብተሩ እኔ ዘንድ አለ። ኮፒ አድርጌ ላመጣላችሁ ዝግጁ ነኝ፣ ዋናውንም ከፈለጋችሁት። ከአዲስ አበባ ሞጆ አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እዚያው ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የባሕር ኃይል ግምጃ ቤት ጠባቂ ልጅ
ሞጆ